መስኮት የሌለው መጋረጃ

«ባቡሩ ሊመጣ ነው» ይላል አጎቴ።

ጫማውን ደጃፍ ላይ እየጠረገ ይላል። ወንበር ስቦ እየተቀመጠ ይላል። ሻይ እስኪቀዳለት ሌላ ወሬ ካላገኘ፣ ማለትም ሁልጊዜ፣ ይደግመዋል። ማን ነገረህ ሲባል ጣቱን ወደ ላይ ይቀስራል፤ ትልቅ ሰው ማለቱ ነው። እኔ ጣቱን ተከትዬ ቀና ስል የሚታየኝ ዝናብ ያጠቆረው ኮርኒሳችን ነው።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል። እኛ ቤት የሚጨመርበት ስኳር ነበር። መጀመሪያ ባቡሩ «ሊመጣ ይችላል» ነበር። ሳይቆይ «ሊመጣ ነው» ሆነ። ቀጥሎ ጣቢያው የሚቆምበት ቦታ ታወቀ፤ ከከተማው ጫፍ፣ ከድሮው የጡብ ፋብሪካ ወዲያ፣ አንድ ረጅም ሕንፃ ብቅ ማለት የጀመረበት ሜዳ። በመጨረሻ የባቡሩ ቀለም ሳይቀር ተነገረን። ሰማያዊ ነው አሉ።

«ዛሬ እዚያ ሕንፃ ላይ ቤት የያዘ ሰው» ይላል አጎቴ፣ «ነገ እግሩን ሰቅሎ ኪራይ ይበላል።»

እሱ በሌለበት እኔና አባዬ «ፊሽካ» እንለዋለን። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ክፉ ሰው ሲመጣ በር ይዘጋበታል። የሚወድህ ሰው ተሳስቶ ሲመጣ ግን ወንበር ታቀርብለታለህ።

እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። እናቴ ስትታመም ከትምህርት ቤት ቀረሁ፤ እሷን እያስታመምኩ ቤት ስውል አንድ ቀን የሳሎናችንን ትልቁን መጋረጃ አውርጄ ስፌቱን ፈታሁና እንዴት እንደተሠራ ወለሉ ላይ ዘርግቼ አየሁት። መልሼ ስሰፋው ከበፊቱ አማረ። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና «ይቺ ልጅ የማትፈታው ነገር የለም» አለች። እንደ ምርቃት ወሰድኩት። ዘመዶቼ «መቀስ» ይሉኛል። እነሱ እንደ ስድብ ነው የሚሉት፤ እኔ እንደ ማዕረግ ነው የምሰማው።

የምሠራው በአባቴ ቤት የፊተኛው ክፍል ውስጥ ነው። ወደ መንገዱ የተከፈተ መስኮት፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ የስፌት መኪና፣ ግድግዳውን ይዞ የቆመ የጨርቅ ጥቅል። ደንበኛ ሲያልፍ በመስኮት ያዋራኛል፣ ሲሻው ይገባል። ከዚያ ክፍል ሌላ ሀብት የለኝም፤ ልቤም ሌላ አይመኝም። በዚህ ሥራ ምክንያት ከየትኛውም ደላላ የበለጠ ብዙ ቤት ገብቻለሁ። ደላላ ቤት ሲገባ ዋጋውን ያያል። እኔ ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባ ነው የማየው።

ቤቱን እናቴና አባዬ ተጋግዘው ነው ያቆሙት። እሷ ስታርፍ የእሷ ግማሽ ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ ተላለፈ። እንግዲህ ቤቱን ለመሸጥም ሆነ ለባንክ መያዣ ለመስጠት የሦስት ሰው ፊርማ ያስፈልጋል፤ የአባዬ፣ የወንድሜና የእኔ። ይህን የነገረን ፊሽካ ነው። እኛ ሳናስበው እሱ አጥንቶት ጨርሶ ነበር።

እሱና ወንድሜ ተያይዘው የመጡ ቀን ነገሩ ከወሬ ወጣ።

ወንድሜ የሂሳብ አስተማሪ ነው። ያን ቀን ሲገባ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ አከራዩ እንደገና ኪራይ ጨምሮበት ሚስቱ ዕቃ መጠቅለል ጀምራለች። ካገባ ጀምሮ ከቤት ቤት ሲዞር አልጋው ከመፈታታቱ ብዛት ብሎኖቹ አልቀው በሽቦ ነው የሚታሰረው። ይህን የምጽፈው ስግብግብ ነበር እንዳይባል ነው። ስግብግብ አልነበረም። ደክሞት ነበር።

«አባዬ» አለ፣ «እዚያ ሕንፃ ላይ ሁለት ቤት እንያዝ። ባንኩ ይህን ቤት በመያዣ ይቀበልና ያበድረናል፤ በብድሩ ቅድመ ክፍያውን እንከፍላለን። አንዱ ውስጥ እኔ እገባለሁ፤ ሌላውን እናከራያለን። ኪራዩ ብድሩን ይከፍላል።»

«ቤቱ ራሱን ይከፍላል» አለ ፊሽካ፣ ሻዩን እያማሰለ።

«ቤት ራሱን ሲከፍል አይቼ አላውቅም» አልኩ። «ሁልጊዜ የሆነ ሰው ነው የሚከፍልለት።»

«መቀስ ተከፈተች!»

«ተከራይ ቢጠፋስ?»

«ባቡር አጠገብ ተከራይ ሊጠፋ?»

«ባቡሩ ቢጠፋስ?»

«ባቡር መርፌ ነው እንዴ የሚጠፋው?»

አባዬ ሳቀ። ዕድሜውን ሙሉ ማተሚያ ቤት የሠራ ሰው ነው፤ የማተሚያው ጩኸት የጆሮውን ግማሽ ወስዶበታል። የቀረው ግማሽ ቀልድ አያመልጠውም። ክርክር ሲሆን ነው የሚደነቁረው።

«እሺ፣ ባቡሩም መጣ፣ ተከራዩም ገባ እንበል» አልኩ። «ቧንቧ ሲፈነዳ ማን ያሠራል? ተከራዩ ሳይከፍል ቆይቶ በጓሮ ቢወጣስ? ሕንፃው ቢዘገይ ባንኩ ባቡሩ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል? ቸግሮን እንሽጠው ብንልስ? ቤት ቲማቲም አይደለም፤ ጠዋት አውጥተህ ማታ ሸጠህ አትገባም።»

«አንቺ ሁሉም ነገር ላይ ቀዳዳ ነው የሚታይሽ» አለኝ ወንድሜ።

«ቀዳዳ የማያይ ሰው ጨርቅ ለመግዛት አይላክም።»

«ባለ ቤት ሆኖ መራቀቅ ቀላል ነው» አለ፤ ድምፁ ዝቅ አለ። «እኔ የሰው ግድግዳ ላይ አንዲት ሚስማር ለመምታት ፈቃድ የምጠይቅ ሰው ነኝ። ራሴ ላይ ፀጉር አልቆ ሚስማር አስፈቅዳለሁ።»

ሚስማሩ ወጋኝ። ሆኖም ምላሴ አላርፍ አለ፤ «እሺ ወንድምዬ፣ ለራስህ አንዲት ትንሽ ቤት ፈልግ። ያለቀች ትሁን። ሰው የኖረባት፣ ውሃዋ ሲወርድ በጆሮህ የሰማህላት። የአባዬን ጣሪያ ግን አታስይዝባት» አልኩት።

«ያለቀ ቤት ውድ ነው። ያላለቀው ነው የሚረክሰው።»

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።»

«ላሟ እኮ እየወረደች ነው፣ ልጄ!» አለ ፊሽካ። «አራተኛ ፎቅ ደርሳለች!»

አባዬ ደግሞ ሳቀ። በዚያ ሳቅ መሃል ቀን ተቆረጠ፤ እሑድ ሁላችንም ሄደን ማሳያውን ቤት እናያለን፣ ሰኞ ጠዋት ተፈራርመን ባንክ እንሄዳለን። እኔ እሺ አላልኩም። እሺ ማለቴን ግን የጠየቀኝም አልነበረም።

እሑድ ሳይደርስ አንድ ክራባት ያሰረ ሰው በመስኮቴ አንገቱን አስገባ። ከእኔ መጋረጃ ያሠራች ሴት ናት የላከችው። አዲስ ሕንፃ ላይ ለገዢ የሚታይ አንድ ቤት ተጠናቋል፣ መጋረጃ ብቻ ቀርቶታል፣ ነይና ለኪ አለኝ። የትኛው ሕንፃ እንደሆነ ሲነግረኝ ጥርሴን ነክሼ ሜትሬን አነሳሁ። ቢያንስ በዓይኔ አየዋለሁ አልኩ። እኛ ቤት ሰው ሁሉ ስለዚያ ሕንፃ ሲያወራ ከርሟል፤ በእግሩ ሄዶ ያየው ግን አንድም አልነበረም። ፊሽካ እንኳ ያየው ከሚኒባስ ውስጥ ነው።

ሕንፃው ከላይ ብረቱ ገና ያፈጠጠ ነው። ደረጃው መደገፊያ የለውም። አንደኛ ፎቅ ላይ ግን አንድ በር ተከፍቶ ስገባ ሌላ ዓለም ነው፤ ያልደረቀ ቀለም ይሸታል፣ ሶፋው ከነላስቲኩ ተቀምጧል፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ ፖም ተደርድሯል። ሳሎኑ ሜዳውን የሚያይ ትልቅ መስኮት አለው፤ ቆንጆ ነው፣ አልክድም። እሱን ለካሁ። ከዚያ ሰውዬው፣ «ክራባት» ልበለው፣ ወደ መኝታ ክፍሉ መራኝ።

«እዚህ ከጣሪያ እስከ ወለል፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን» አለኝ። «ወፈር ያለ ጨርቅ፤ ገበር ይኑረው።»

እኔ ልኬት ስጀምር መጀመሪያ የመስኮቱን ደፍ በእጄ ነው የምዳብሰው። ዳበስኩ፤ ግድግዳ። ወዲያ ፈቀቅ ብዬ ዳበስኩ፤ ግድግዳ።

«መስኮቱስ?»

«መጋረጃው ነዋ።»

«መጋረጃውማ የመስኮቱ ነው። መስኮቱ የታለ?»

«ከጀርባው ረጅም አምፖል እንለጥፋለን። ሲበራ ፀሐይ ነው የሚመስለው።» ፈገግ አለ። «ለማሳያ ነው፣ እህቴ።»

«ሰው የሚገዛው ቤትስ?»

«ያው ነው፣ መኝታ ክፍሎቹ መስኮት የላቸውም። መሬቱን እስከ ጫፉ ተጠቅመንበታል። ነገ ጎኑ ላይ ሌላ ሕንፃ ይቆማል፤ መስኮት ቢኖርም የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። የሰው ግድግዳ ከማየት የራስን ማየት አይሻልም?»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ። ውሸቱን ሊደብቀኝ እንኳ አልሞከረም። ሜትር የያዘች ሴት ለማን ትናገራለች ብሎ ነው። ሰው የሚዋሸው ለሚፈራው ነው፤ እኔን አልፈራኝም።

«የጠየቅሽውን እንከፍልሻለን» አለኝ።

«የሌለ መስኮት አልጋርድም።» ሜትሬን ጠቀለልኩ።

«መጋረጃ ሰፊ እንደሆነ ሞልቷል!» አለኝ ደረጃው ላይ ሳለሁ።

«እሱስ ሞልቷል። የጠፋው መስኮቱ ነው!»

ቤት ገብቼ ነገርኳቸው። ምሳ ላይ ነበሩ። ከፊሽካ በስተቀር ሁሉም ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ፤ እሱ አኝኮ ዋጠና «ማሳያ እኮ ነው፣ ሌላው ቤት መስኮት ይኖረዋል» አለ።

«ያው ነው ብሎኛል እያልኩህ!»

«ተጣልታችሁ ይሆናላ! አንቺ የማትጣይው ማን አለ?»

ወንድሜ ሳህኑን እያየ «ከመጀመሪያውም አልፈለግሽውም» አለኝ። «መስኮት ባይጠፋ በር ይጠፋ ነበር።»

እውነቱን ነው፣ ከመጀመሪያውም አልፈለግኩትም። ግን ሰው ስላልወደደው ነገር እውነት መናገር አይችልም ያለው ማን ነው? ወደ አባዬ ዞርኩ። ዳቦውን እየቆራረሰ «እሑድ እናያለን» አለ። እንዲህ ነው እሱ። ማተሚያ ቤት ዕድሜ ልኩን ሲሠራ ለአለቃ አንድ ቀን እምቢ ብሎ እንደማያውቅ እናቴ ትስቅበት ነበር።

እሑድ የክት ልብሳችንን ለብሰን ሄድን። ሕንፃው ሥር ድንኳን ተተክሏል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ ድምፅ ማጉያው ይጮሃል። ባልና ሚስት አሉ፣ ልጆቻቸውን ያስከተሉ አሉ፣ ዱላ የያዙ አዛውንት ሳይቀሩ «ጣቢያው በየት በኩል ነው?» እያሉ ይጠይቃሉ። ሁሉም ወደ አንድ ሜዳ ይጠቁማል፤ ሜዳው ላይ አንዲት ፍየል ትግጣለች።

ማሳያው ቤት ውስጥ ተገፋፍተን ገባን። መኝታ ክፍሉ ደረስን። መጋረጃው ተሰቅሏል። የሆነ ሰው ሰፍቶላቸዋል፤ እጥፋቱ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ፣ ቅምቅማቱ በስተግራ ዘሞ ወለል ይጠርጋል። እውነቴን ነው የምለው፣ ከውሸቱ በላይ ስፌቱ አናደደኝ። በጀርባው አምፖሉ በርቷል፤ ክፍሉ የረፋድ ፀሐይ የገባበት መስሏል።

«ብርሃኑ እንዴት ደስ ይላል!» አለች አንዲት ሴት።

የወንድሜ ሚስት ክንዱን ይዛ ቆማለች። ዝግ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማባት፣ «አልጋውን እዚህ ጋ ነዋ» አለችው። እሱ ብርሃኑን እያየ ራሱን ነቀነቀ። ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር ከልጅነታችን ወዲህ አይቼበት አላውቅም። በዚያች ቅጽበት ዝም ብል ኖሮ ሁሉም ሰው ይወደኝ ነበር።

ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጌ ሄድኩና መጋረጃውን ሁለት እጄን ሰድጄ ጎተትኩት።

ዘንጉ ከነቀለበቱ ተንኳኩቶ ወረደ። ግድግዳው ፊት ለፊታችን ቆመ፤ ልስኑ እንኳ በቅጡ ያልተጨረሰ፣ ግንበኛ በእርሳስ ቁጥር የጫጫረበት ግድግዳ። መሃሉ ላይ ረጅም አምፖል በፕላስተር ተለጥፏል።

ከኋላ ያሉት በእግር ጣታቸው ቆመው አዩ።

«ይኸውላችሁ ፀሐያችሁ!» አልኩ። «ማጥፊያው በር ሥር ነው!»

ክራባት ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ደረሰ። አልደነገጠም። «ይህ የመብራት ጥበብ ይባላል» አለ፣ እጁን እያፍተለተለ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከዚያ አንድ ቦርጫም ሰውዬ «እና ምን አለበት?» አለ። «የምንገዛው ልናከራየው ነው፤ እኛ አንተኛበት!»

«ተከራይስ ቢሆን ሲተኛ ዓይኑን አይደል የሚጨፍነው?» አለ ሌላው፤ ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ተከራይ ሰው አይደለም?» ብዬ ጮህኩ። ወንድሜን ነበር የማየው። ካገባ ጀምሮ ተከራይ ነው፤ ሳቁ በእሱ ላይ እንደሆነ ገብቶታል፤ ጆሮው ቀልቷል።

ሰዉ መጋረጃውን እየረገጠ ወጣ። ወዴት ነው የሄደው? ወደ ቤቱ መሰላችሁ? ድንኳኑ ሥር ወደሚፈረምበት ጠረጴዛ ነው! ክራባት «ዋጋው ከዛሬ በኋላ ይጨምራል» ብሎ በድምፅ ማጉያው ተናግሮ ነበርና ሰልፉ እንዲያውም ረዘመ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብልም፣ የሚሮጥ ሰው ተረት የሚሰማበት ጆሮ የለውም።

ፊሽካ ክንዴን ጨምድዶ ወደ ጥግ ወሰደኝ። «አዋረድሽኝ!»

«እኔ የገለጥኩት መጋረጃ ነው። አንተ ለምን ተገለጥክ?»

ወንድሜ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ቀስ ብሎ «ቦታ ማስያዣ ከፍያለሁ» አለ። «ባለፈው ሳምንት ነው። ቢቀርም አይመለስም።»

ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። ቤቱን ሳያይ፣ ውሉን ሳያነብ፣ ከእኛ ጋር ሳይመክር ከፍሏል፤ አሁን ትንሿ ገንዘብ እንዳትጠፋ ትልቁን ሊያስከትልባት ነው።

«ወንድምዬ፣ ጉድጓድ ውስጥ ጫማህ ቢወድቅ ካልሲህን አውልቀህ አትጨምርም» አልኩት። «የጠፋው ይጥፋ፤ ተወው።»

«ለአንቺ ይቀልሻል» አለኝና ወደ ሚስቱ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት እኛ ቤት፣ እኔ ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ፊሽካ ወረቀቱንም ብዕሩንም ይዞ መጥቷል። አባዬ ኮቱን ለብሷል። ወንድሜ ፈረመ። ብዕሩ ወደ እኔ ዞረ።

አላነሳሁትም።

«እናትሽ ብትኖር ምን ትልሽ ነበር?» አለኝ ፊሽካ።

«እናቴ ብትኖር አንተ ብዕር ይዘህ እዚህ ወንበር ላይ አትቀመጥም ነበር። በር ላይ ታስቀርህ ነበር።»

«ወይኔ እህቴ፣ ምን ዓይነት ጉድ ነው የወለድሽው!»

«አባዬ» አለ ወንድሜ፣ «አንድ ነገር በላት።»

አባዬ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ከዚያ ዓይኔን ሳያይ «ፈርሚ፣ ልጄ» አለኝ። «ወንድምሽ ነው።»

ከሁሉም ያመመኝ እሱ ነው። ፊሽካ ቢጮህ ልማዴ ነው፤ ወንድሜ ቢከፋ ገብቶኛል። አባዬ ግን ያንን ክፍል እናቴ እንዴት እንዳስለሰነችው ያውቃል። ተነሳሁ።

«አልፈርምም» አልኩ። «ዛሬም አልፈርምም፣ ነገም አልፈርምም። ባቡሩ እዚህ ደጃፍ መጥቶ ቢያፏጭም አልፈርምም። የራሳችሁን አስይዙ፣ የራሳችሁን ሽጡ፤ ዕድላችሁ ነው፣ ይቅናችሁ። የምንተኛበትን ግን በምንመኘው አልለውጥም። ስታጡ የምትመጡበት አንድ በር መቅረት አለበት። በሩን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ጥሉኝ፣ ስደቡኝ፣ ግን ብዕሩን አንሱልኝ፣ ጨርቅ ልቆርጥ ነው።»

ወንድሜ ወንበሩን ገፍቶ ቆመ። «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም።»

«ይሁን። እህት ባይኖርህ ቤት ይኖርሃል። ቁልፉን አልለውጠውም።»

በሩን በርግዶ ወጣ። ፊሽካ ወረቀቱን ሰብስቦ ተከተለው። አባዬ ኮቱን አውልቆ ሰቀለውና ወደ ጓሮ ሄደ። እኔ መቀሴን አንስቼ የሰው መጋረጃ አጣምሜ ቆረጥኩ፤ የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ነው።

ከዚያ በኋላ ያልተባልኩት የለም። የወንድሟን ዕድል በላች ተባልኩ። ባል ስላጣች ቤት ላይ ተጣበቀች ተባልኩ። አባቷን አፍዝዛ ነው የሚልም ነበር። አክስቶቼ በመስኮቴ ሲያልፉ ወደ ማዶ ያያሉ፤ እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ «እንደምን አደራችሁ!» እላቸው ነበር። ሰላምታ የነሳኝን ሰው ሰላምታ አበዛበታለሁ፤ የሚደክመው እሱ ነው።

ፊሽካ ሱቁን አስይዞ ገባበት። ወንድሜም አልቀረም፤ በደመወዙ ተበድሮ፣ የሚስቱን ወርቅ ሸጦ አንድ ቤት ያዘ። ሕንፃው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ቆመ። መጀመሪያ ሲሚንቶ ጠፋ ተባለ። ቀጥሎ የዕቃ ዋጋ ስለጨመረ ገዢዎች ተጨማሪ ይክፈሉ የሚል መጣ፤ ለካ ውሉ ላይ ሻጩ ዋጋም ጊዜም መለወጥ ይችላል ይላል፤ ሲፈርም ማን አንብቦት! ገዢዎቹ ኮሚቴ አቋቋሙ። ወንድሜ አስተማሪ ስለሆነ ጸሐፊ አደረጉት። በየሳምንቱ አዳራሽ ተከራይተው ይጯጯሃሉ፤ ለአዳራሹም ኪራይ ይከፍላሉ። ክራባት ሌላ ሰፈር ሌላ ሕንፃ እየሸጠ ነው አሉ። ወንድሜ ለሚኖርበት ቤት ኪራይ፣ ለማይኖርበት ቤት ብድር ሲከፍል ከረመ።

ክረምቱ ሲገባ አንድ የጭነት መኪና ከመስኮቴ ፊት ለፊት ቆመ። ወንድሜ ወረደ። ዝናቡ እየመታው በበሩ ሳይሆን በመስኮቱ መጣ፣ እንደ ደንበኛ።

«የኋላው ክፍል ባዶ ነው?»

«ጨርቅ አለበት። አወጣዋለሁ።»

ብዬህ ነበር ላልለው ለራሴ ምዬ ነበር። ዕቃው ገብቶ ሳያልቅ አልኩት። «በይ ጨርሺው» አለኝ፣ ፊቱን በፎጣ እየጠረገ፣ «አንድ ጊዜ ይውጣልሽ።» ጨረስኩት። ረጅም ነበር። ሚስቱ ሰምታ እስክትጨርስ በር ላይ ቆየችና «አሁን እኔ ልቀጥል?» ብላ እሷም ያዘችው። ያን ቀን ወደድኳት። አሁን አብራኝ ትሠራለች፤ ቅምቅማቷ ከእኔ ይበልጣል፣ ፊት ለፊት ግን አልነግራትም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ አራታችን ቁጭ እንዳልን፣ ወንድሜ ማንኪያውን አስቀመጠ። «የሕዝብ ፊት አትፈሪም፣ ዘመድ አትፈሪም» አለኝ። «ያኔ አንቺ ብትፈርሚ ኖሮ ዛሬ ይህን ቤት ባንኩ ይወስደው ነበር። ሁላችንም ሜዳ ላይ ነበርን። ያተረፍሽን አንቺ ነሽ።»

ይህን ቃል ስንት ጊዜ በሐሳቤ ሰፍቼ ፈትቼዋለሁ! አንገቴ ረዘመ። ደረቴ ጠረጴዛውን ገፋው። «እንግዲህ አንድ ሰው እምቢ ማለት ነበረበት» አልኩ፣ ትሕትና ለማስመሰል እየሞከርኩ።

አባዬ ከሾርባው ቀና አለ። ጆሮው የደከመ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ጮክ ብሎ፣ «ባንኩ የትኛውን ቤት ነው የሚወስደው?» አለ።

«ይህንን ነዋ፣ አባዬ። ፈርማ ቢሆን ኖሮ።»

«ብትፈርምስ?»

ወንድሜ እኔን አየ። እኔ አባዬን።

«ብትፈርምስ ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩት። «ፈርሚ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«ወንድምሽን ፊት ለፊት እምቢ ማለት አቃተኝ። ለአንቺ ደግሞ አይከብድሽም ብዬ እምቢታውን ተውኩልሽ።» ዳቦውን ሾርባው ውስጥ ነከረ። «እኔ ግን ሕንፃውን ሳናይ ገና፣ ዓርብ ዕለት፣ ባንክ ሄጄ ‹ሰኞ ከልጆቼ ጋር መጥቼ ብፈርም እንኳ ቤቴን እንዳትይዙ› ብያቸው፣ እነሱም አንይዝም ብለውኝ ነበር።»